ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ በድል ብቻ ሳይሆን በጉዳትም የተፈተነ ስፖርተኛ

ስፖርትን አዘውትሮ የሚሠራ ሰው፣ በጂምናዚየም ክብደት የሚያነሳም ይሁን ማለዳ ተነስቶ በአስፋልት ዳር የሚሮጥ፣ አንድ ቀን ከጉዳት ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በዚያ ቀን የሚነሳው ጥያቄ ለጀማሪውም ሆነ ለታዋቂው ስፖርተኛ ተመሳሳይ ነው። ሕመሙን ችሎ መቀጠል ይሻላል ወይስ ልምምዱን አቋርጦ መታከም? ታክሞ ሲመለስስ የቀድሞ ወኔውን ከየት ያገኘዋል? ይህን ጥያቄ በዓለም ሕዝብ ፊት ደጋግሞ ለመመለስ የተገደደ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበር።

የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ሲነሳ በቅድሚያ የሚታወሰው በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ የተቀዳጀው ድል ነው። ይሁንና የሕይወት ታሪኩ በጥሞና ሲመረመር ከድሉ ጎን ለጎን የሚጓዝ ሌላ ታሪክ ይገኛል። ይኸውም የጉዳት፣ የሕክምናና የመልሶ መነሳት ታሪክ ነው። ከሮም ኦሊምፒክ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ በነበሩት 13 ዓመታት ውስጥ እግሩ በጫማ ተልጧል፣ ሆዱ ለቀዶ ሕክምና ተከፍቷል፣ ቋንጃው ተጎድቷል፣ የእግሩ አጥንት ተሰንጥቋል፣ በመጨረሻም ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ዳግም ላይራመድ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ውሏል። ለእነዚህ ጉዳቶች የሰጠው ምላሽ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዳንዴ ቀጥሏል፣ አንዳንዴ አቁሟል፣ አንዳንዴም ከምንም ተነስቶ እንደ አዲስ ጀምሯል። የአትሌቱ ታላቅነት ከሜዳሊያዎቹ ባልተናነሰ በዚህ ይገለጻል።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ነው። ዕለቱ በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር የተካሄደበት ቀን መሆኑ የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት ግጥምጥሞሽ ነው። ልጅነቱ እንደማንኛውም የአርሶ አደር ልጅ ከብት በመጠበቅና በሰፊው ሜዳ ላይ ሩር እየተከተሉ ገና በመጫወት አለፈ። የጣሊያን ወረራም ቤተሰቡን ከቀዬው አፈናቅሎ ነበር። በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ጦር በወታደርነት ተቀጠረ። በ1952 ዓ.ም ከወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ጋብቻ የመሠረተ ሲሆን አራት ልጆችንም አፍርቷል።

በጦር ክፍሉ ውስጥ የነበረው የሩጫ ችሎታ ኦኒ ኒስካነን በተባሉት አሠልጣኝ ዓይን ውስጥ ገባ። ኒስካነን በፊንላንድ ተወልደው በስዊድን ያደጉ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የአካል ማጎልመሻ ትምህርትን ለማስፋፋት የሠሩ ባለሙያ ነበሩ። ለአበበ ያስተማሩት ዋነኛ ቁም ነገር ኃይልን መጥኖ መጠቀም ነው። በዳገትና በሜዳ፣ በረጅም ርቀትና በአጫጭር ፈጣን ዙሮች እየተፈራረቀ የሚሰጠው ልምምድ፣ ሰውነት በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እየተጫነ እንዲጠነክር የሚያደርግ ነበር። አትሌቱም ትእዛዝን የሚያከብር፣ ብዙ የማይናገርና ልምምድን የማያጓድል ወታደር መሆኑ ለዚህ ሥርዓት የተመቸ አደረገው።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው በሮም ነው። ውድድሩ ሊካሄድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የተገዛው አዲስ ጫማ ለእግሩ አልስማማ አለና ላጠው። ለአንድ የማራቶን ሯጭ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ጉዞ ውስጥ እግር በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ መሬት ስለሚረግጥ፣ በመነሻው ላይ የነበረች ትንሽ ልጣጭ በመድረሻው ላይ ሯጭን የምታቆም ቁስል ልትሆን ትችላለች። አበበና አሠልጣኙ የወሰዱት እርምጃ ሕመሙን መቻል ሳይሆን የሕመሙን ምክንያት ማስወገድ ነበር። አበበ በአገሩ ያለ ጫማ ይሮጥ ስለነበር የእግሩ ቆዳ ለዚህ የጠነከረ ነው። በመሆኑም ጫማው ቀረና በባዶ እግሩ ሊሮጥ ተወሰነ። ዓለም እንደ ተአምር ያየው ነገር በመሠረቱ ጉዳትን ለማስቀረት የተወሰደ ጥንቃቄ ነበር ማለት ይቻላል።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የሮም ሙቀት በረድ ሲል ውድድሩ ተጀመረ። ጨለማው ሲበረታ የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ዳርና ዳር ቆሙ። አበበና የሞሮኮው ራዲ ቤን አብዱሰላም ሌሎቹን ጥለው ለረጅም ርቀት ጎን ለጎን ሮጡ። ፋሽስት ኢጣሊያ ከአገራችን ዘርፎ ወስዶት በነበረውና በ1997 ዓ.ም ወደ አገሩ በተመለሰው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርሱ፣ አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር የገባበት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሰዓት የዓለም ምርጥ ሰዓት ሆኖ ተመዘገበ። ከሰሃራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮች በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። ኢትዮጵያውያንም አዲሱን የ1953 ዓ.ም ዘመን በዚህ የምሥራች ተቀበሉ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በክቡር ዘበኛ ጦር የተመራ በመሆኑ አበበም ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተፈታ። ከዚያ በኋላ በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺትሴ በተከታታይ አሸነፈ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም በተካሄደው የቦስተን ማራቶን ግን ሌላ ዓይነት ትምህርት አገኘ። ከአገሩ ልጅ ከማሞ ወልዴ ጋር ሆኖ ከመጀመሪያው አንስቶ እጅግ በፈጠነ ሩጫ ሲመራ ቆየና በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ዳገቱና ቀዝቃዛው ነፋስ ሰውነቱን አደነዘዘው። ውድድሩን በአምስተኛነት ጨረሰ። በዓለም አቀፍ የማራቶን ውድድር ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ሽንፈት አልተማረረም፤ ወደ አገሩ ተመልሶ ልምምዱን ቀጠለ እንጂ።

ሁለተኛው የጉዳት ፈተና የመጣው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በደጅ በቆመበት ወቅት ነው። በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን አመመው። በመጀመሪያ ሕመሙን ችሎ ለመሮጥ ቢሞክርም አልተቻለውም። ሆስፒታል ሲደርስ የትርፍ አንጀት ሕመም መሆኑ ታወቀና መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ለውድድሩ የቀረው ጊዜ አምስት ሳምንት ብቻ ነበር። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ በቶሎ ካልወጣ ፈንድቶ ሕይወትን ሊያጠፋ የሚችል በመሆኑ፣ በዚህ ሁኔታ ላይ ችሎ መሮጥ ብርታት ሳይሆን ሞትን መጥራት ነው። አትሌቱ ሐኪሞቹን ሰማ፤ ተኛ፤ ታከመ።

ከሆስፒታል የወጣው በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ቁስሉ ሲጠግ ቀስ በቀስ ወደ ልምምድ ተመለሰ። ብዙዎች ቶኪዮ የሄደው ለክብር ብቻ እንደሆነ ገምተው ነበር። ያልተገነዘቡት ነገር በዓመታት የተገነባ የሰውነት ብቃት በሁለትና በሦስት ሳምንት ዕረፍት ተሟጥጦ የማያልቅ መሆኑን ነው። በደህናው ዘመን የተከማቸ እህል በክፉ ቀን ከጎተራ እንደሚወጣ ሁሉ፣ የአበበም የብዙ ዓመት ልምምድ በዚያ በጭንቁ ወር ደርሶለታል። ጉዳት የደረሰበት ስፖርተኛ በአልጋ ላይ ሆኖ የሚያሳልፈው ቀን ሁሉ የለፋበትን የሚያጠፋበት መስሎ ስለሚታየው ሳይድን ይነሳል። ይህ ችኮላ ደግሞ ቁስሉን መልሶ ይከፍተዋል። አበበ ይህን ስሕተት አልፈጸመም።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም በቶኪዮ ጎዳናዎች ላይ፣ በዚህ ጊዜ ነጭ ካልሲና ጫማ አጥልቆ፣ ከውድድሩ አጋማሽ በኋላ ብቻውን መራ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በሆነ ጊዜ በመግባት አዲስ የዓለም ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። በኦሊምፒክ ታሪክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው አትሌትም ሆነ። በስታዲየሙ የነበረው ሕዝብ ይበልጥ የተደነቀው ግን ከዚያ በኋላ ባየው ነገር ነው። አበበ ሣሩ ላይ ሆኖ ጡንቻዎቹን በማፍታታት ሰውነቱን የማቀዝቀዝ እንቅስቃሴ ማድረግ ጀመረ። ለተመልካቹ ትርኢት የመሰለው ይህ ተግባር ለእርሱ የልምምዱ የመጨረሻ ክፍል ነበር። ዛሬም በየጂምናዚየሙ ብዙ ሰው ቸል የሚለው ይኸው ክፍል ነው።

ከቶኪዮ ሲመለስ የመቶ አለቃነት ማዕረግና ቮልስዋገን መኪና ተሸለመ። ቀጥሎም በጃፓን፣ በስፔንና በደቡብ ኮሪያ አሸነፈ። በ1959 ዓ.ም ክረምት ግን በስፔን ሳራውትስ በተካሄደው ማራቶን ቋንጃው ተጎዳና ውድድሩን አቋረጠ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ እግሮቹ እንደ ቀድሞው አልታዘዙትም። ዕድሜው ወደ 35 ዓመት ተጠግቶ ነበር። ከሜክሲኮ ኦሊምፒክ በፊት ለሕክምና እስከ ጀርመን ተጉዟል።

የሜክሲኮ ውድድር አንድ ሳምንት ሲቀረው ግራ እግሩን አመመው። ሐኪሞች ከቅልጥሙ ጎን ባለው ቀጭን አጥንት ላይ ስንጥቅ አገኙና እስከ ውድድሩ ቀን እንዲያርፍ መከሩት። ጡንቻ ሲጎዳ አንዳንዴ ሊያባብሉት ይቻላል፤ የተሰነጠቀ አጥንት ግን ለወኔ አይታዘዝም። በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ስንጥቁ እየሰፋ ይሄዳል። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም አበበ 1 ቁጥርን ለብሶ፣ ለሦስተኛ ወርቅ የመላው ዓለም ዓይን አርፎበት ሩጫውን ጀመረ። 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሮጠ በኋላ ቆመ።

ለሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ከዚህ የከበደ ውሳኔ አይኖርም። ሆኖም የቆመው ተስፋ ቆርጦ አልነበረም። ማሞ ወልዴ በኋላ እንደተናገረው፣ አበበ ከመውጣቱ በፊት እርሱ መጨረስ እንደማይችልና ድሉ በማሞ እጅ መሆኑን ነግሮታል። ማሞም አደራውን ተቀብሎ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍታ በሚበልጠው የሜክሲኮ ከተማ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ ወርቁን ወሰደ። ኢትዮጵያ በማራቶን ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ አሸነፈች። አንድ ስፖርተኛ የእርሱ ቀን ማለፉን ሲያውቅ ጉዳቱን ደብቆ የቡድኑን ዕድል ከማበላሸት ይልቅ ለባልደረባው ቦታ መልቀቁ ራሱን የቻለ ብርታት መሆኑን ያን ዕለት አበበ አሳይቷል። ወደ አገሩ ሲመለስም የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጠው።

ከአምስት ወር በኋላ የመጣው አደጋ ግን ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሌሊት ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን መኪና ከቁጥጥሩ ውጪ ሆና ተገለበጠች። አበበ በመኪናዋ ውስጥ ተይዞ አድሮ የተገኘው በማግስቱ ጠዋት ነው። በክቡር ዘበኛ ሆስፒታል የመጀመሪያው እርዳታ ተደረገለት። የአንገቱ አጥንት ላይ የደረሰው ጉዳት ሕብለ ሰረሰሩን በመንካቱ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። ከሳምንት በኋላ በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ።

ይህ ሆስፒታል በአጋጣሚ የተመረጠ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው የመኖር ተስፋው እጅግ የመነመነ ነበር። ይሞት የነበረውም በራሱ በጉዳቱ ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ በመተኛት በሚመጣ የገላ ቁስልና በሽንት ቧንቧ መመረዝ ነው። ከናዚ ጀርመን ሸሽተው ወደ እንግሊዝ የገቡት የነርቭ ሐኪም ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1936 ዓ.ም በስቶክ ማንደቪል የሕብለ ሰረሰር ሕክምና ማዕከል አቋቁመው ይህን ለወጡ። ሕሙማን ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረጉ፤ ከዚያም ስፖርትን የሕክምናው አካል አደረጉት። የተጎዳው ሕብለ ሰረሰር ራሱን መልሶ የማይጠግን በመሆኑ፣ ሕክምናው የቀረውን አካል ፈልጎ ማሠልጠን ሆነ።

ጉትማን በ1940 ዓ.ም 16 ተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎችን ያሰለፈ የቀስት ውድድር በሆስፒታሉ ግቢ አዘጋጁ። ቀስት ክንድን፣ ትከሻንና ጀርባን የሚያጠነክር፣ ተቀምጦ ሚዛንን መጠበቅ የሚያስተምር በመሆኑ ለእነዚህ ሕሙማን የተስማማ ስፖርት ነበር። ይኸው ውድድር እያደገ ሄዶ በ1953 ዓ.ም መስከረም ወር ከስቶክ ማንደቪል ወደ ሮም ከተማ ተሻገረ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ እየተባለ የሚጠራው እርሱ ነው። ውድድሩ የተከፈተው አበበ በዚያችው ከተማ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ ነበር። በዚያ ሳምንት ወደ ሮም የገቡት የተሽከርካሪ ወንበር ስፖርተኞች የሄዱበትን መንገድ፣ የከተማዋ ጀግና ከስምንት ዓመት ተኩል በኋላ ራሱ ይጀምረዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

አበበ በስቶክ ማንደቪል ስምንት ወር ቆየ። በመጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ዓለምን በእግሩ ያሸነፈ፣ የሚስቱና የአራት ልጆቹ አለኝታ የሆነ የ36 ዓመት ጎልማሳ፣ ለመጉረስም ለመገላበጥም የሰው እጅ ጠባቂ ሆነ። ከልዩ ልዩ አገሮች የመልካም ምኞት መልእክቶች ጎረፉለት፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊትም ጎበኙት። የሰው ሁሉ ፍቅር ግን ጣትን አያንቀሳቅስም። ያንን ሊያደርግ የሚችለው ዕለታዊው ልምምድ ብቻ ነው። በዚህም ልምምድ ቀስ በቀስ እጆቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

የአገራችን ተረት ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ ይላል። አበበ ግን ከወደቀ በኋላ ያደረገው መንፈራገጥ አልነበረም። ያጣውን እግር ለማስመለስ ከመታገል ይልቅ የቀሩለትን ክንዶች ማሠልጠን ጀመረ። የደረሰበትንም ድሉን በተቀበለበት መንፈስ፣ ሁለቱንም ከፈጣሪ እንደመጡ አድርጎ መቀበሉን ለጠየቁት ሁሉ ይገልጽ ነበር። መቀበል ማለት ለእርሱ እጅ መስጠት አልነበረም። በሐምሌ 1962 ዓ.ም፣ አደጋው ከደረሰበት ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር በተካሄደው የስቶክ ማንደቪል የተሽከርካሪ ወንበር ስፖርተኞች ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። የሁለት ኦሊምፒኮች ባለድል በአዲስ ስፖርት ከጀማሪዎች ተርታ መቆሙን እንደ ውርደት አልቆጠረውም።

በሚያዝያ 1963 ዓ.ም ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር ላይ በክብር እንግድነት ኖርዌይ ተጋበዘ። እንግዳ ሆኖ መቀመጡን አልመረጠም። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ከመወዳደሩም በላይ፣ በውሾች በሚጎተት የበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር 16 ተወዳዳሪዎች በተሰለፉበት 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ በሆነ ጊዜ አሸነፈ። በደጋው ሸዋ የተወለደ፣ በሮም ድንጋይና በቶኪዮ አስፋልት ላይ የነገሠ ሯጭ፣ በሰሜን አውሮፓ በረዶ ላይ ተቀምጦ ድል አደረገ። ይህ የመጨረሻ ታላቅ ድሉ ነበር።

በ1964 ዓ.ም የሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት በተገኘበት የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ላይ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። የማራቶን ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜ 5 ቀን ነው፤ የሮም ድል ልክ 12 ዓመት የሞላበት ዕለት መሆኑ ነው። ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጣ። ያሸነፈው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር የወርቅ ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ወደተቀመጠው አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ከአራት ዓመት ተኩል በፊት በደረሰበት አደጋ መዘዝ፣ በጭንቅላቱ ውስጥ ደም በመፍሰሱ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር በሙሉ ወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸኝቶታል። ብሔራዊ የሐዘን ቀንም ታወጀ። ስሙ ዛሬም በአዲስ አበባ በሚገኝ ስታዲየም ይጠራል።

እርሱ የከፈተው የሩጫ በር ከማሞ ወልዴ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በርካታ ጀግኖችን ያስተላለፈ መሆኑ የታወቀ ነው። ብዙም የማይነገረው በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ የሄደበት ሁለተኛው መንገድ ነው። አካል ጉዳተኝነት ከስፖርት ዓለም መውጫ ሳይሆን ሌላ መግቢያ ሊሆን እንደሚችል በአገራችን ካሳዩት አንዱ እርሱ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2004 ዓ.ም በለንደን ፓራሊምፒክ ወንድዬ ፍቅሬ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የብር ሜዳሊያ አስገኘ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ደግሞ ትዕግስት ገዛኸኝ በ1,500 ሜትር የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ለአገሯ አስመዘገበች። ያ ወርቅ የተገኘው አበበ ከቀዶ ሕክምና ተነስቶ ባሸነፈባት በቶኪዮ ከተማ መሆኑ ደስታውን የላቀ ያደርገዋል።

በዛሬው ጊዜ ከሥራ ሰዓት በፊትና በኋላ በጂምናዚየምና በየሜዳው ስፖርት የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞችና ልዩ ልዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ከእነርሱም መካከል በመጀመሪያው የጡንቻ ሕመም ሁሉን ነገር የሚተው አለ፤ የመገጣጠሚያና የአጥንት ሕመምን ከድካም ሳይለይ ክብደት እየጨመረ ራሱን የሚጎዳም አለ። የአበበ ሕይወት ለሁለቱም የሚለው አለው። የሚላጥ ጫማ ይወለቃል። የሆድ ሕመም ለሐኪም ይነገራል። የተሰነጠቀ አጥንት ላይ አይሮጥም። እግር እንቢ ሲል ደግሞ ክንድ ይሠለጥናል። ወኔ የሚባለው ነገር ሕመምን አለመስማት ሳይሆን፣ ሕመሙ የሚለውን ሰምቶ ዛሬ ምን መሥራት እንደሚቻል መጠየቅ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ ይህን ጥያቄ በሮም ጎዳና ላይ ጠይቋል፤ በስቶክ ማንደቪል አልጋ ላይም ጠይቋል፤ በሁለቱም ቦታ ያገኘው መልስ ወደ ልምምድ መልሶታል።